ኤግዛጀሬትድ የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል በየቀኑ ወሬ ላይ እንዴት በትክክል እንጠቀም

እኛ አማርኛ ስናወራ «ተጋነነ» የማንልበት ነገር የለም፣ ወሬው ተጋነነ፣ ኪራዩ ተጋነነ፣ ፊልሙን አጋነኑት፣ አንተ ደግሞ አታጋንን እንላለን ሁሉም ያስኬዳል። እንግሊዝኛ ላይ ግን ይሄ ሁሉ በአንድ ቃል አይሄድም። ኤግዛጀሬትድ ማለት የተጋነነ ማለት ነው ብሎ ሸምድዶ የወጣ ሰው ሱቅ ገብቶ «ዘ ፕራይስ ኢዝ ኤግዛጀሬትድ» ይላል፣ ሻጩ የፈለገውን ይረዳለታል ግን ቃሉ እዛ ቦታ ላይ አይቀመጥም። ቃሉ በጣም ጠቃሚ ስለሆነ በደንብ ብንይዘው ደስ ይለኛል፣ እስቲ አብረን እንየው።

መጀመሪያ አፋችንን እናስለምድ። እኛ ስንጽፈው ኤግዛጀሬትድ እንላለን ሲነገር ግን «ኢግ-ዛ-ጀ-ሬይ-ቲድ» ነው የሚሆነው፣ ጫን የሚባለው ሁለተኛዋ «ዛ» ላይ ነው። ኤክስ የምትለዋን ፊደል አይታችሁ «ኤክሳ» እንዳትሉ፣ ልክ ኢግዛም እና ኢግዛምፕል ስንል እንደምናደርገው ግ እና ዝ ነች የምትሰማው። መጨረሻውንም አትዋጡት፣ ግሱ በት ድምፅ ስለሚያልቅ «ቲድ» ተብሎ ለብቻው ይሰማል፣ ዋንትድ እና ስታርትድ ላይ እንደሚሰማው ማለት ነው። ስትጽፉት ደግሞ ጂ ሁለት ናት አር አንድ ናት፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፤ ኢ፣ ኤክስ፣ ኤ፣ ጂ፣ ጂ፣ ኢ፣ አር፣ ኤ፣ ቲ፣ ኢ፣ ዲ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ቃሉን ከመጠቀማችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፣ የበዛው ነገሩ ራሱ ነው ወይስ ስለ ነገሩ የተባለው? ኤግዛጀሬትድ በብዛት የሚሄደው የተባለ፣ የተወራ፣ የተጻፈ ወይም ሆን ተብሎ ጎላ ተደርጎ የታየ ነገር ላይ ነው። ቤት ኪራይ ፍለጋ ስትወጡ ያለውን ነገር አስቡት፣ ደላላው ሳሎኑ ሰፊ ነው፣ ውሃ 24 ሰዓት አለ፣ ሰፈሩ ጭጭ ያለ ነው ይላችኋል፣ ሄዳችሁ ስታዩ ሳሎኑ አንድ ሶፋ ነው የሚይዘው፣ ውሃ የሚመጣው በሳምንት ሁለት ቀን ነው፣ ጎኑ ደግሞ ብረታ ብረት ቤት አለ። ደላላው ያወራው ኤግዛጀሬትድ ነው። የተጠየቃችሁት ኪራይ ግን ኤግዛጀሬትድ አይደለም፣ ቤቱ ኦቨርፕራይስድ ነው የሚባለው፣ ምክንያቱም ብሩን በትክክል ነው የነገሯችሁ፣ ብሩ ራሱ ነው የበዛው። ኪራዩ 10,000 የሆነውን ቤት ጓደኛችሁ 30,000 ነው ብሎ ቢያወራ ግን ያ ወሬ ኤግዛጀሬትድ ነው። ይሄ ልዩነት ከገባችሁ አብዛኛው አልቋል።

በዚሁ ሚዛን ሌሎቹንም ለዩ። ሰው ሁሉ ያወደሰው ሬስቶራንት ሄዳችሁ ምግቡ ተራ ከሆነባችሁ ኦቨርሬትድ ነው የሚባለው፣ ከሚገባው በላይ ስም ወጥቶለታል ለማለት። ትንሽ ነገር ተፈጥሮ የሚጮህና የሚያለቅስ ሰው ላይ አማርኛ «አታካብድ» እንላለን፣ እንግሊዝኛው «ዩ አር ኦቨርሪአክቲንግ» ነው፣ ሰውየው ነገር አልጨመረም ስሜቱ ነው የበዛው። የሂሳብ ሰዎችና ኦዲተሮች ጋ ደግሞ ገቢው ወይም ንብረቱ ከእውነተኛው በላይ ተመዝግቦ ሲገኝ ኦቨርስቴትድ ይላሉ፣ የቢሮ ሪፖርት ላይ ቁጥር በዝቶ ስታዩ ይሄኛውን ብትጠቀሙ ያምራል።

ውሸት ከሚለውም ይለያል። ኤግዛጀሬትድ ስትሉ ከስሩ እውነት አለ፣ ተጨመረበት ብቻ ነው የምትሉት። ሲቪው ላይ ስድስት ወር የሰራውን ሁለት ዓመት ያደረገ ልጅ ልምዱን ኤግዛጀሬት አድርጎታል፣ ጭራሽ ያልሰራበትን መስሪያ ቤት የጻፈ ግን ዋሽቷል።

አረፍተ ነገር ውስጥ ሁለት ቦታ ይገባል። አንደኛው ከስም በፊት ነው፣ «አን ኤግዛጀሬትድ ስቶሪ»፣ በአናባቢ ስለሚጀምር ከፊቱ የምትመጣው አን ናት አ አይደለችም። ሁለተኛው እንደ ኢዝ፣ ሳውንድስ፣ ሲምስ ካሉት በኋላ ነው፣ «ዛት ስቶሪ ሳውንድስ ኤግዛጀሬትድ» ሲባል ወሬው የተጋነነ ይመስላል ነው።

እዚህ ጋ በጣም የምትጠነቀቁባት ነገር አለች። ሰውየውን ራሱን «ዩ አር ኤግዛጀሬትድ» አትበሉት! የተጋነነው ወሬው ነው፣ እሱ አጋናኙ ነው፣ ስለዚህ «ዩ አር ኤግዛጀሬቲንግ» ነው የሚባለው። ድርጊቱን የሚሰራው ኢንግ ይይዛል፣ የተሰራበት ነገር ኢድ ይይዛል። አታጋንን ለማለት ደግሞ «ዶንት ኤግዛጀሬት» ብቻ ይበቃል።

ምን ያህል እንደተጋነነ መጨመር ከፈለጋችሁ ከፊቱ አብረውት የሚሄዱ ቃላት አሉ። ትንሽ ከሆነ ስላይትሊ ወይም አ ቢት፣ በጣም ከሆነ ግሬትሊ፣ ከልክ ካለፈ ዋይልድሊ ወይም ግሮስሊ። «ግሬትሊ ኤግዛጀሬትድ» የሚለው ጥምረት በጣም የታወቀ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1897 አሜሪካዊው ደራሲ ማርክ ትዌይን ለንደን እያለ ሞቷል የሚል ወሬ ተነስቶ ነበርና ለጋዜጣ የሞቴ ወሬ ማጋነን ነው ብሎ መልስ ሰጠ፣ እሱ የጻፈው ማጋነን ነው ብቻ ብሎ ነበር፣ በሰው አፍ ሲዞር ግን «ግሬትሊ ኤግዛጀሬትድ» ሆኖ ቀረ። እስካሁን አንድ ድርጅት ከሰረ፣ አንድ ቡድን አለቀለት ሲባልና ሳይሆን ሲቀር ጋዜጠኞች ይችን አባባል ይጠቀሙባታል።

ፊት፣ ድምፅ፣ እንቅስቃሴ ላይም ይሰራል። ካርቱን የሚስሉ ሰዎች የአንድን ሰው አፍንጫ ወይም ጆሮ ከልኩ በላይ ሲያደርጉት ኤግዛጀሬትድ ነው፣ መድረክ ላይ ያለ ተዋናይ ከኋላ ያለው ተመልካች እንዲያየው እጁንና ፊቱን ሲያጎላም እንደዛው፣ እዚህ ላይ ነቀፋ የለውም።

ሌላው መታወቅ ያለበት ሰው ለወግ ብሎ የሚያበዛው ንግግር ነው፣ እናት ልጇን «ሺህ ጊዜ ነግሬሃለሁ» ስትለው ማንም ቁጥሩን አይቆጥርም፣ እንግሊዝኛም እንደዚሁ ይላል። እንደዚህ አይነት አነጋገር ስሙ ሃይፐርቦሊ ነው፣ መጨረሻው ቦል ሳይሆን ቦሊ ተብሎ ነው የሚነበበው፣ ቅፅሉ ሃይፐርቦሊክ ነው። ለእናትየው ኤግዛጀሬትድ ነው ብሎ መመለስ ነገር መፈለግ ነው።

የአነጋገር ለዛውንም አስቡበት። «ዩ አር ኤግዛጀሬቲንግ» ፊት ለፊት ሲባል ይቆረቁራል፣ ለጓደኛ ይሁን፣ ለአለቃ ወይም ለታላቅ ሰው ግን ወደ ነገሩ ማዞር ይሻላል፣ «ዛት ሳውንድስ አ ቢት ኤግዛጀሬትድ ቱ ሚ» ስትሉ ሰውየውን ሳትነኩ ወሬውን ነው የነካችሁት። በተለይ ሰው ህመሙን ወይም የደረሰበትን በደል ሲነግራችሁ ይችን ቃል ከአፋችሁ አታውጡ፣ መጀመሪያ አድምጡት፣ እርግጠኛ ያልሆናችሁበት ነገር ካለ መቼ ሆነ፣ እንዴት ሆነ ብላችሁ ጠይቁት።

ለመለማመድ ዛሬ የሰማችሁትን አንድ የበዛ ወሬ ያዙና ሶስት አይነት አድርጋችሁ ጮክ ብላችሁ በሉት፣ አንዴ ከስም በፊት፣ አንዴ ከሳውንድስ በኋላ፣ አንዴ ያወራውን ሰው ይዛችሁ በኢንግ። ከዛ የበዛ ዋጋ አንስታችሁ ኤግዛጀሬትድ ሳትሉ ግለፁት።