አንድ ገጽ ሁለት አድራሻ፦ የስላሽ ጣጣና መፍትሄው

ምልክቱ እንዲህ ነው። ሰርች ኮንሶል (ጉግል ሳይታችሁን እንዴት እንደሚያየው የሚያሳየው መሣሪያ) ስትከፍቱ፣ ኢንዴክስ ካልተደረጉት (ጉግል መዝገቡ ውስጥ ካላስገባቸው) ገጾች መሃል የራሳችሁ ገጽ በሁለት መልክ ተዘርዝሯል። አንዱ መጨረሻው /ዋጋ ነው፣ ሌላው /ዋጋ/። ለእኛ ያው ናቸው። ለጉግል ግን ያቺ የመጨረሻዋ ስላሽ አድራሻውን ሌላ ታደርገዋለች። ከዶሜን ስሙ ቀጥሎ የምትመጣዋ ስላሽ ብቻ ለውጥ የላትም፤ በእሷ አትድከሙ።

ብሮውዘር ላይ ኤፍ12 ተጭናችሁ ኔትወርክ የሚለውን ክፈቱና ሁለቱንም አድራሻ ሞክሩ። አንዱ 200 (ገጹ ይኸው)፣ ሌላው 301 (ገጹ በቋሚነት ወደ ሌላ አድራሻ ዞሯል) ከሰጠ ሰርቨሩ ደህና ነው። ሁለቱም 200 ካሉ ችግሩ እዚሁ ነው።

ቀጥሎ የገጹን ሶርስ ክፈቱና ካኖኒካል ታጉን፣ ማለትም የገጹ ዋና አድራሻ የትኛው እንደሆነ ለጉግል የሚናገረውን መስመር ፈልጉ። እኔ ጋ የሚመጡት ሳይቶች አብዛኞቹ የሚወድቁት እዚህ ነው። ታጉ አለ። ግን ጎብኚው የጠራው አድራሻ እንዳለ ተገልብጦበታል። በ/ዋጋ ስትገቡ «ዋናው /ዋጋ ነው» ይላል። በ/ዋጋ/ ስትገቡ ደግሞ «ዋናው /ዋጋ/ ነው»። ሁለት ወራሾች እያንዳንዳቸው «ኑዛዜው በእኔ ስም ነው» እንደሚሉት ማለት ነው። ጉግል፣ ያሁና ማይክሮሶፍት ይህን ታግ በ2009 ያመጡት እኮ አንዱን አድራሻ ለይቶ እንዲጠቁም ነበር። ዴቨሎፐሩ ግን አንድ መስመር ኮድ ለጥፎ «ኤስኢኦ (ሳይቱ በፍለጋ እንዲገኝ የማድረግ ሥራ) ተሠርቷል» ብሎ ሂሳቡን ተቀብሎ ሄዷል። አንድ የልብስ መሸጫ ሳይት ላይማ ፌስቡክ ሊንኩ ላይ የሚቀጥለው ረጅም ጅራት ሳይቀር ካኖኒካሉ ውስጥ ገብቶ አገኘሁት። ሰው ከፌስቡክ በመጣ ቁጥር አዲስ «ዋና ገጽ» ይወለዳል!

መፍትሄው፦ ካኖኒካሉ ዳታቤዝ ውስጥ ከተቀመጠው የገጹ ስም ይሠራ፤ ከተጠራው አድራሻ በፍጹም አይገልበጥ። በስላሽ ይሁን ያለ ስላሽ፣ ለጉግል ግድ የለውም። አንዱን ምረጡና ሌላውን በ301 ወደ እሱ አዙሩ። 302 (ጊዜያዊ ማዞሪያ) አይደለም! ሳይትማፑ (ለጉግል የሚሰጠው የገጾች ዝርዝር)፣ ሜኑውና በየጽሁፉ ውስጥ ያሉት ሊንኮችም የተመረጠውን ብቻ ይጥሩ። ይሄኛውን ሥራ ሁሉም ይዘለዋል።

ዎርድፕሬስ ከሆነ የፐርማሊንክ (የገጽ አድራሻ አሠራር) ቅንብሩን ተከተሉ እንጂ አትታገሉት። ቅንብሩ ስላሽ ይጨምራል፣ አንዱ ብልጥ ደግሞ ኤችቲአክሰስ ፋይሉ (የሰርቨሩ ማዘዣ ፋይል) ላይ ስላሽ የሚቆርጥ መስመር ይለጥፋል። አንዱ ሲቆርጥ ሌላው ሲቀጥል ገጹ ይሽከረከርና ክሮም ተስፋ ይቆርጣል። የተለጠፈውን መስመር አጥፉት። ብሮውዘር 301ን ስለሚያስታውስ የምትፈትሹት በኢንኮግኒቶ ይሁን፤ አለበለዚያ የተስተካከለውን «አልሠራም» ብላችሁ መልሳችሁ ታበላሹታላችሁ።

ሌላ ማስጠንቀቂያ፦ ፎርሞችን እዩ። አንድ የሆቴል ሳይት ስላሹ ከተስተካከለ በኋላ ቡኪንግ ቀጥ አለ። ፎርሙ የሚልከው ወደ ድሮው አድራሻ ነበር። ብሮውዘሩ 301 ሲያገኝ ፖስቱን (መረጃ የሚልከውን ጥያቄ) ወደ ጌት (ገጽ ብቻ ወደሚጠይቀው) ይቀይረዋል፤ የተሞላው መረጃ መንገድ ላይ ይቀራል። ባለቤቱ «ገበያ ቀዘቀዘ» ብሎ ሲያማርር ከርሟል።

ድግግሞሹን በሮቦትስ ፋይል (ጉግልን «ይህን ገጽ አታንብብ» የሚል ፋይል) መዝጋት? እባካችሁ ተዉት። ጉግል ገጹን ካላነበበ ካኖኒካሉንም ሆነ 301ዱን አያይም።

ኤችቲቲፒና ኤችቲቲፒኤስ፣ ባለ ደብልዩ (www) እና ያለ ደብልዩ፦ እነሱም በ301 ይዞራሉ። ግን ደረጃ በደረጃ ሳይሆን በአንድ ዝላይ ይሁን።

በአማርኛ የምትጽፉ ደግሞ የጽሁፍ ታጎቻችሁን (የርዕስ መለያ ቃላቱን) ፈትሹ። «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» ሁለት ታግ፣ ሁለት አድራሻ ናቸው። አንዱን አስቀሩና ሌላውን ወደ እሱ አዙሩ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ሰርች ኮንሶል ድሮ የነበሩትን አድራሻዎች «ሪዳይሬክት ያለው ገጽ» ብሎ ቢዘረዝራቸው ስህተት አይደለም። ዝርዝሩ እስኪጠራ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል፤ እስከዚያው ምንም አትነካኩ።