የሜሪላንድ ቀጠሮ አምልጧችሁ ከሆነ ስማችሁን በየስፔሊንጉ ፈልጉት

ሜሪላንድ ውስጥ የፍርድ ቤት ቀጠሮ ከቀራችሁ ዳኛው ቤንች ዋራንት፣ ማለትም የእስር ማዘዣ፣ ሊያወጣባችሁ ይችላል። ብዙ ሰው ይህን የሚያውቀው ፖሊስ በተቃጠለ የኋላ መብራት ሲያስቆመው ነው።

ቀድሞ ማየት ይቻላል። "ሜሪላንድ ጁዲሸሪ ኬዝ ሰርች" የሚባለው የፍርድ ቤቶቹ ድረ ገጽ ነፃ ነው፣ በስም ይፈለግበታል። ችግሩ የኛ ስም ነው። ዮሐንስ በዋይም በጄም ይጀመራል፣ መሀሉ ላይ ኤን አንዴም ሁለቴም ይገባል። በአንዱ አጻጻፍ ፈልጋችሁ ባዶ ቢመጣ አትደሰቱ። የቻላችሁትን ያህል ቀያይሩት። በአባት ስም ከጠፋ በአያት ስም ሞክሩ፣ መዝጋቢው የትኛውን እንደ "ላስት ኔም" እንደያዘ አይታወቅማ። የትውልድ ቀኑ ከእናንተ ጋር መግጠሙንም አረጋግጡ፣ ሞክሼ ብዙ ነው። ምንም ካልተገኘም ወደ ፍርድ ቤቱ ክለርክ ቢሮ፣ ማለትም መዝገብ ቤቱ፣ መደወል አይከፋም፣ ሁሉም ነገር ድረ ገጹ ላይ አይወጣም።

ካገኛችሁት የመዝገቡን ቁጥር ጻፉና ማዘዣው እንዲነሳ ለዚያው ፍርድ ቤት በጽሑፍ አመልክቱ። ለምን እንደቀራችሁ የሚያሳይ ማስረጃ አያይዙ፤ የሆስፒታል ወረቀት ወይም መጥሪያው ወደ ድሮ አድራሻችሁ መሄዱን የሚያሳይ። ሳይያዝ በራሱ የመጣን ሰው ዳኛ በሌላ ዓይን ነው የሚያየው። አስተርጓሚ ከፈለጋችሁ ቀድማችሁ ጠይቁ፣ አይከፈልበትም።

ክሱ ከበድ ያለ ከሆነ ወይም ዜግነት ገና ካልያዛችሁ ግን ብቻችሁን አትሂዱ፤ መጀመሪያ ጠበቃ። "ዋራንት አለብህ፣ ጊፍት ካርድ ላክ" ብሎ የሚደውል ደግሞ ሌባ ነው፤ ዝጉበት።