በጣና ዳር ተከታታይ የፋንታሲ ልቦለድ ጽፈው በራስዎ ሲያሳትሙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባሕር ዳር ተቀምጦ የፋንታሲ ልቦለድ ለመጻፍ የሚያስብ ሰው ግማሹ ሥራ ተሠርቶ የቆየው ይመስለዋል። ሐይቅ አለ፤ 37 ደሴቶች አሉ፤ የነገሥታት አጽም ያረፈባቸው ገዳማት አሉ፤ ዓባይ ከጣና ውሃ ጋር ሳይቀላቀል ሰንጥቆ ያልፋል የሚል የቆየ አባባልም አለ። ጣጣው የሚመጣው ታሪኩ ከአንድ መጽሐፍ ሲያልፍ ነው። በነጠላ ልቦለድ ውስጥ የተፈጸመ ስህተት እዚያው ይቀራል። በተከታታይ ሥራ ግን በአንደኛው ቅጽ የታተመ ሁሉ ለቀሪዎቹ ሕግ ይሆናል፤ ያውም ደራሲው በገዛ ገንዘቡ ያሳተመው ሕግ።

ሐይቁን ሳያውቁ መጻፍ

ወለል በሌለው የጣና ጥልቀት ውስጥ ዘንዶ ያስተኛ ደራሲ ገና ከመነሻው ተሳስቷል። ጣና ሰፊ ነው፤ ከሰሜን ወደ ደቡብ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። ጥልቅ የሚባለው ቦታው ግን ከ15 ሜትር ብዙም አይርቅም። እዚህ ፍጡር መደበቅ የሚችለው በደለል ነው፤ ርብና ጉማራ በክረምት ሞልተው ሲገቡ ውሃው ይደፈርሳል፣ በላዩ ያለ ሰውም ከሥሩ ያለውን አያይም። ከተረት ጥልቀት ይልቅ ይህኛው የበለጠ ያስፈራል ባይ ነኝ። ታንኳም እንዲሁ የራሱ ጠባይ አለው። ከደንገል ስለሚሠራ ውሃ እየጠጣ ይከብዳል፤ ወጥቶ ፀሐይ ላይ መድረቅ አለበት። ሠራዊቱን በታንኳ ለቀናት የሚያጓጉዝ ደራሲ መርከቦቹን የት እንደሚያሰጣ አስቀድሞ ያስብ። ወለል የለሽ ሐይቅ የግድ ካስፈለገዎት ለሐይቁ ሌላ ስም ያውጡለት። ጣና ካሉት ግን የባሕር ዳር አንባቢ አይምርዎትም።

የሰውን እምነትና ጎረቤትን እንደ ዕቃ መጠቀም

ጣና ቂርቆስ በትውፊት ታቦተ ጽዮን ለዘመናት ያረፈችበት ደሴት ነው። ይህን የጀግናው የአስማት መሣሪያ ማድረግ አንባቢን ከማስቀየም በቀር ለታሪኩ የሚጨምረው ነገር የለም። በ37ቱ ደሴቶች ላይ አንድ 38ኛ መፍጠር ማን ይከለክላል? ወደ እውነተኛዎቹ የሚሄዱ ከሆነ ደግሞ ሥርዓታቸውን ይወቁ። ወደ ክብራን ገብርኤልና ወደ ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አትገባም። ባለታሪክዎ ሴት ከሆነች ይህ ክልከላ ብቻውን አንድ ጥሩ ምዕራፍ ይወጣዋል፤ ችላ ከተባለ ግን መጽሐፉ እዚያው ላይ ይታጠፋል።

ከዚህ የባሰው ታንኳ በመሥራት የሚታወቁትን የወይጦ ማኅበረሰብ ምሥጢራዊ ፍጡራን አድርጎ መሳል ነው። ዛሬም በከተማዋ የሚኖሩ፣ ለረጅም ዘመን መገለል የደረሰባቸው ሰዎች ናቸው። በዚህ ላይ ተረት ማከል ነውር ነው።

አንድን ስም በሁለት ፊደል መጻፍ

ይህ የትንሽ ሰው ጭንቀት ይመስላል፤ ተከታታይ ሥራን የሚያፈርሰው ግን ከሁሉም በላይ ይኸው ነው። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ በተለመዱ ቃላት ውስጥ ቢቀያየሩ አንባቢ ያልፈዋል። ለፈጠሩት ስም ግን መዝገበ ቃላቱ እርስዎ ብቻ ነዎት። በአንደኛው ቅጽ “ሠርጸል” የነበረው ንጉሥ በሦስተኛው “ሰርፀል” ሆኖ ቢመጣ አንባቢው ልጁ ነው ወይስ ራሱ ብሎ ይጠይቃል። ኮምፒውተርም አያድንዎትም፤ አንዱን ፈልግ ሲሉት ሌላውን አልፎት ይሄዳል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ምዕራፍ ጀምሮ መዝገብ ይያዙ፦ የስሞች አጻጻፍ፣ ዕድሜ፣ ዝምድና፣ የቦታዎች ርቀት፣ አስማቱ ምን እንደሚያስከፍል፣ ምሥጢሩን ማን እንደሚያውቅና ከመቼ ጀምሮ፣ የማን እጅ በየትኛው ጦርነት እንደተቆረጠ፣ ግራው ይሁን ቀኙ።

ዩኒኮድ ባልሆነ ፊደል መተየብ

ዩኒኮድ ማንኛውም ኮምፒውተር ፊደላትን በአንድ ዓይነት መንገድ እንዲያውቃቸው የሚያደርግ የጋራ ሥርዓት ነው፤ የግዕዝ ፊደል የገባበት በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት በነበረው አሠራር የተሠሩ የፊደል ፕሮግራሞች ግን ከአገልግሎት ሙሉ በሙሉ አልወጡም። በእነሱ የተተየበ ረቂቅ ፊደሉ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የምልክት ክምር ይሆናል። ሦስተኛውን ቅጽ ሲያዘጋጁ የመጀመሪያው እንዲከፈትልዎት ከፈለጉ ዛሬውኑ ይቀይሩ።

አንደኛው እንዳለቀ ወደ ማተሚያ ቤት መሮጥ

ቢያንስ የሁለተኛው ቅጽ ረቂቅ እስኪያልቅና የመጨረሻው ፍጻሜ እስኪታወቅ ይታገሱ። በሁለተኛው ቅጽ አጋማሽ ላይ ገና አንደኛው ቅጽ ውስጥ መሞት የነበረበት ሰው እንዳለ ይገለጥልዎታል፤ መጽሐፉ ከታተመ ግን ሰውየው ይኖራል። ደግሞም “ይቀጥላል” ብሎ መቁረጥ ፍጻሜ አይባልም። ገንዘብ የከፈለ አንባቢ ቢያንስ አንድ ጥያቄ ተመልሶለት መጽሐፉን ይክደን።

በነጠላ ዋጋ ተታልሎ ብዙ ማሳተም

የማተሚያ ሳህን አስቀድሞ ተዘጋጅቶ በሚታተምበት በኦፍሴት ኅትመት ከፍተኛው ወጪ መነሻው ላይ ስለሆነ ቁጥሩ በጨመረ መጠን የአንዱ ዋጋ ይወርዳል። ሒሳቡ እውነት ነው፤ ግን ያልተሸጠ ካርቶን አልጋ ሥር ያድራል። በምረቃው ዕለት የሚገዙት ዘመድና ወዳጅ ናቸው፤ ሁለተኛውን ቅጽ የሚገዛ አንባቢ የሚታወቀው ከዚያ በኋላ በሚመጣው ሽያጭ ነው። ሁለተኛው ቅጽ ከአንደኛው ያነሰ እንደሚሸጥም ከወዲሁ ይገመት፤ አንደኛውን ሳያነብ ሁለተኛውን የሚገዛ የለምና።

ጥቃቅን የሚመስሉት

መጽሐፍ አብዛኛውን ጊዜ በ16 ገጽ ጥራዝ ስለሚታጠፍ 257ኛ ገጽ ላይ የተረፈች አንዲት አንቀጽ ባዶ ገጾች አስከትላ ትመጣለች፤ 256 ላይ እንድታልቅ ያሳጥሯት። የሽፋን ሠዓሊዎን ለሁሉም ቅጾች በጽሑፍ ይዋዋሉ። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ሥዕሉም እንደ ልቦለዱ የራሱ የቅጂ መብት ያለው ሥራ ነው፤ በመካከል ሠዓሊ መቀየርም መደርደሪያ ላይ ቅጾቹን የባዳ ልጆች ያስመስላቸዋል። የመጽሐፍ መለያ ቁጥሩን (ISBN) ለእያንዳንዱ ቅጽ ለየብቻ፣ አዲስ አበባ ከሚገኘው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ያውጡ፤ የሚታተመው የኋላ ሽፋኑ ላይ ስለሆነ ጥያቄው ሽፋኑ ወደ ማተሚያ ቤት ከመላኩ በፊት መቅረብ አለበት።