የእንግሊዝ እግረኛ የኮሌታ ምልክት አልለይ ሲላችሁ

ለንደን የሚኖር ወዳጄ ከአሮጌ ዕቃ ገበያ የገዛውን ፎቶ በቴሌግራም ላከልኝ። ጢሙን ያሳመረ ወታደር ቀጥ ብሎ ቆሟል። ኮሌታው ግራና ቀኝ ላይ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ነገር ታበራለች። አጉልቼ ሳየው ዝሆን ነው፤ ጀርባው ላይ እንደ ማማ ያለ ኮርቻ ተጭኗል። ወዳጄ «ይሄማ መቅደላ የዘመተ ነው፤ ናፒየር ዝሆን ይዞ አልመጣም እንዴ?» አለኝ።

ናፒየር በርግጥ ከህንድ 44 ዝሆኖች አምጥቷል። የኮሌታው ዝሆን ግን ከዚያ አልመጣም። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ጋ ስለሆነ ከሱ ልጀምር። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።

ችግር፦ እንስሳው ከማውቀው ዘመቻ ጋር ይገጥማል፣ ግን እርግጠኛ አይደለሁም

ምክንያቱ ዘመን መደባለቅ ነው። በ1868 መቅደላን ሰብሮ የገባው 33ኛው ሬጅመንት (የእግረኛ ጦር ክፍል) ነበር። ያኔ ተራው ወታደር ኮሌታው ላይ የብረት ምልክት አያደርግም፤ ይህ የመጣው በ1870ዎቹ ነው። በ1881 ደግሞ ትልቅ ለውጥ ሆነ። ሬጅመንቶች ቁጥራቸው ቀርቶ በስም መጠራት ጀመሩ፣ ብዙዎቹም ሁለት ሁለት እየሆኑ ተዋሃዱ። 33ኛው ከ76ኛው ጋር ተዋህዶ የዌሊንግተን መስፍን ሬጅመንት ተባለ። ዝሆኑን ይዞ የመጣው 76ኛው ነው፤ ህንድ ውስጥ ላደረገው ውጊያ የተሰጠው ክብር ነው። ስለዚህ የወዳጄ ወታደር የ33ኛው ወገን ከሆነ ፎቶውን የተነሳው ከ1881 በኋላ ነው።

ታዲያ መቅደላ አልነበረም ማለት ነው? እሱን ኮሌታው አይመልስም። መፍትሄው ደረቱ ላይ ነው። የአቢሲኒያ ዘመቻ ሜዳሊያ ሪባኑ ነጭ ሆኖ መሃሉ ላይ ሰፊ ቀይ መስመር አለው። ሜዳሊያው ላይ የንግሥት ቪክቶሪያን ፊት 9 ጫፍ ያለው ኮከብ ይከበዋል። «አቢሲኒያ» በእንግሊዝኛ ሲጻፍ 9 ፊደል ነው፤ ፊደሎቹ በኮከቡ ጫፎች መካከል አንድ በአንድ ተቀምጠዋል። እኔ መጀመሪያ ሳየው ቆጥሬ ማመን አቃተኝ፤ የሀገራችን ስም እንዲህ ተበትኖ ማየት ልብ ይነካል። የወዳጄ ወታደር ደረቱ ባዶ ነው። ሜዳሊያ የሌለውን ሰው መቅደላ ዘምቷል ብዬ አልጽፍም።

ችግር፦ አንድ እንስሳ ብዙ ሬጅመንት ላይ አገኘሁ

ይህ የተለመደ ነው። ነብሩን ሌስተርሻየርም፣ ሃምፕሻየርም፣ ዮርክና ላንካስተርም ተጠቅመውበታል። ነብር ስል የኛን ነጠብጣብ አትፈልጉ፤ የህንዱ ባለ መስመር ነው። ስፊንክስ (የሰው ራስና የአንበሳ አካል ያለው የግብፅ ምስል) ደግሞ በ1801 ግብፅ ለተዋጉ የተሰጠ ስለሆነ ግሎስተርሻየር፣ ሊንከንሻየር፣ ደቡብ ዌልስ ቦርደረርስና ሌሎችም ዘንድ አለ።

መፍትሄው ከእንስሳው ዙሪያ ያለውን ማንበብ ነው። ጽጌረዳ አብሮት አለ? የአበባ ጉንጉን? ጽሑፍ? መኮንን ከሆነ የኮቱን ቁልፍም እዩ፣ የሬጅመንቱ ምልክት አለበት። ተራ ወታደር ከሆነ ግን ቁልፉ ላይ አትድከሙ፤ ከ1871 ጀምሮ ለብዙ ዓመታት ለሁሉም አንድ ዓይነት ነበር።

ችግር፦ ችቦ ወይም ፍሬ ይመስላል

የሚንበለበል ቦምብ ነው። በአብዛኛው ፊውዚለር የሚባሉት ሬጅመንቶች ምልክት ነው፤ ግን እነሱ ብቻ አይደሉም፣ ግሬናዲየር የሚባለው የዘብ ሬጅመንትም ይጠቀምበታል። የትኛው ፊውዚለር እንደሆነ የሚነግራችሁ እሳቱ ሳይሆን ኳሱ ነው። ኳሱ ላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ ዘንዶውን ሲወጋ ካያችሁ ኖርዘምበርላንድ ነው። ስፊንክስ ከሆነ ላንካሻየር፣ ነብርና ዝሆን አንድ ላይ ከሆኑ ደብሊን። ፎቶው ደብዝዞ ኳሱ ካልታየ «ፊውዚለር ሊሆን ይችላል» ብላችሁ ማቆም ይሻላል።

ችግር፦ ኮሌታው ላይ ምንም የለም

ተነቅሎ ነው ብላችሁ አትዘኑ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ካኪ የለበሰ ተራ ወታደር አብዛኛውን ጊዜ ኮሌታው ባዶ ነው። መኮንኑ ግን ጠቆር ያለ የነሐስ ምልክት ያደርጋል። ተራው ወታደር ጋ ትከሻውን እዩ፤ የሬጅመንቱ ስም በናስ ፊደል አለ። በ1941 ከረን የተዋጉትም በቁምጣና በሸሚዝ ስለነበሩ ኮሌታቸው ላይ አትፈልጉ።

ችግር፦ እንስሳቱ ጀርባ ለጀርባ ሆኑብኝ

የኮሌታ ምልክት ጥንድ ነው። እንስሳቱ በአብዛኛው ፊት ለፊት፣ ወደ ጉሮሮ ይተያያሉ። ጀርባ ለጀርባ ከሆኑ ግራና ቀኙ ተለዋውጦ ተደርጎ ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱም ወደ አንድ ጎን ካዩ ደግሞ ጥንዱ ከሁለት ቦታ የተገጣጠመ ሊሆን ይችላል። ፎቶ ላይ ከሆነ ግራና ቀኙን ከመለየታችሁ በፊት ምስሉ ተገልብጦ እንዳይሆን እዩ፤ መገልበጡ ብቻውን ግን ጥንዱን ጀርባ ለጀርባ አያደርግም። ቆርቆሮ ላይ የታተሙት የጥንት ፎቶዎች እንደ መስታወት ግራውን ቀኝ ያደርጋሉ። የዘመቻ ሜዳሊያ የሚደረገው በወታደሩ በራሱ ግራ ደረት ነው፤ ያልተገለበጠ ፎቶ ላይ በእናንተ በኩል ቀኝ ይታያል። በእናንተ በኩል ግራ ከታየ ምስሉ ሳይገለበጥ አልቀረም።

ችግር፦ ምልክቱ እጄ ላይ አለ፣ የኮሌታ ይሁን የኮፍያ አላውቅም

ገልብጡት። ከኋላው አንድ ረጅም ምላስ ካለው የኮፍያ ነው። ሁለት ትንንሽ ቀለበቶች ካሉት የኮሌታ ሊሆን ይችላል፤ ቆየት ያሉ የኮፍያ ምልክቶችም ቀለበት ስላላቸው መጠኑን ለኩ። የኮሌታው ብዙ ጊዜ ከኮፍያው ያንሳል። ዘውድ ካለው ቅስቶቹን እዩ። እንደ ጉልላት ክብ ብለው ከወጡ አብዛኛውን ጊዜ ከ1901 እስከ 1952 ባለው ዘመን የተሠራ ነው፤ ከ2022 ወዲህ ግን በንጉሥ ቻርልስ ዘመን ይህ ቅርጽ ተመልሷል። መሃሉ ጎድጎድ ካለና ብረቱ እንደ ቆርቆሮ ቀላልና አንጸባራቂ ከሆነ የንግሥት ኤልሳቤጥ ዘመን አሉሚኒየም ነው። በስተመጨረሻ በጣታችሁ ዳብሱት። ለዓመታት ሲወለወል የኖረ ምልክት የእንስሳው አፍንጫና ጀርባ ይለሰልሳል፣ ጎድጓዳው ግን ስለታም እንደሆነ ይቀራል። ከላይ እስከ ታች እኩል ደብዝዞ ካገኛችሁት ከሌላ ምልክት ላይ ተቀድቶ የፈሰሰ ቅጂ መሆኑን ጠርጥሩ፣ ገንዘባችሁንም ያዝ አድርጉ።