ካታሌዝን በሻይ ብርጭቆ ማሳየት

ይህን የምጽፈው ቤተ ሙከራ በሌለው ትምህርት ቤት ባዮሎጂ ለምታስተምሩ ባልደረቦቼ ነው። «ፀረ ኦክሲዳንት ኢንዛይሞች ሴልን ከጉዳት ይጠብቃሉ» የሚለውን ለዓመታት ሰሌዳ ላይ ጽፌያለሁ፤ ተማሪዎቼም ገልብጠው በፈተና መልሰውልኛል። ጉበት ይዤ ክፍል እስክገባ ድረስ ግን የገባው አልነበረም። ካታሌዝ ከእነዚህ ኢንዛይሞች አንዱ ነው፤ በጉበትም በድንችም ውስጥ አለ፤ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድን ወደ ውሃና ኦክስጅን ይሰብራል።

ከመድኃኒት ቤት ቁስል የሚታጠብበትን ባለ 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ግዙ። የፀጉር ቤቱን አትውሰዱ፤ ጠንካራ ስለሆነ ቆዳ ያቃጥላል። ጠርሙሱ አዲስ ይሁን። እኔ ተከፍቶ መስኮት ላይ የከረመ ይዤ ገብቼ፣ ክፍሉ ሙሉ ተማሪ ዐይኑን አፍጥጦ እየጠበቀ አንዲት አረፋ ጠፍታ አፍሬ ወጥቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ቤቴ ሳልሞክር አልሄድም።

ሦስት የሻይ ብርጭቆዎች ትሪ ላይ ደርድሩ። በአንዱ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል ጥሬ ጉበት፣ በሁለተኛው ጥሬ ድንች፣ በሦስተኛው ተቀቅሎ የቀዘቀዘ ድንች ጨምሩ። ከዚያ እያንዳንዱን እስከ ሩቡ በፐርኦክሳይድ ሙሉ። ጉበቱ እንደ ወተት ይገነፍላል። ጥሬው ድንች ከጠርዙ ደቃቅ አረፋ ያወጣል። የተቀቀለው ዝም ይላል፤ ሙቀቱ የኢንዛይሙን ቅርጽ አፍርሶታል። የጭራሮ ፍም ወደ ጉበቱ አረፋ አስጠጉ፤ መልሶ ይቀጣጠላል። ኦክስጅን ነው።

አሁን ወደ ሴሉ ግቡ። ማይቶኮንድሪያ ኃይል ሲያመርት፣ ትርፍ ኤሌክትሮን የያዘ ኦክስጅን፣ ማለትም ሱፐርኦክሳይድ፣ ያፈተልካል። ሱፐርኦክሳይድ ዲስሙቴዝ የተባለው ኢንዛይም ይህን ይዞ ወደ ኦክስጅንና ወደ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይለውጠዋል፤ ይኸውም ብርጭቆው ውስጥ ያለው ነገር ነው። እዚህ ላይ ቆም በሉ። ሥራው በዚህ ቢያበቃ ከድጡ ወደ ማጡ ነበር። ፐርኦክሳይዱ ልቅ ብረት፣ ማለትም በፕሮቲን ያልታሰረ ብረት፣ ካገኘ ሃይድሮክሲል ራዲካል ይወጣዋል፤ ያ ደግሞ ዲኤንኤ፣ ፕሮቲን፣ የሴል ሽፋን ቅባት ሳይል አጠገቡ ያገኘውን ያበላሻል። እርሱን የሚይዝ ኢንዛይም የለንም። መፍትሔው ቀድሞ መድረስ ብቻ ነው፤ ካታሌዝና ግሉታታዮን ፐርኦክሲዴዝ ፐርኦክሳይዱን ውሃ ያደርጉታል። ካታሌዝ ለዚህ ብረት፣ ሁለተኛው ሴሊኒየም ይፈልጋል።

አረፋው ሲቆም ተማሪዎች «አለቀ» ይላሉ። አዲስ ፐርኦክሳይድ ጨምሩበት፤ እንደገና ይፈላል። ያለቀው ፐርኦክሳይዱ እንጂ ኢንዛይሙ አልነበረም። ከሙከራው ሁሉ ይህን እወዳለሁ።

አንድ ጊዜ ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ «ታዲያ ጥሬ ጉበት ብንበላ ካታሌዝ ይጨምርልናል?» አለችኝ። ካታሌዝም ፕሮቲን ስለሆነ ሆድ እንደ ሥጋው ይፈጨዋል፤ ሴል የራሱን ራሱ ይሠራል አልኳት። «በኪኒን ቢሆንስ?» አለች። ሆዱ ያው ሆድ ነው።

ሲያበቃ ጉበቱን ጠቅልላችሁ ጣሉ፤ እጃችሁንም በሳሙና ታጠቡ። ብርጭቆዎቹን ወደ መምህራን ሻይ ቤት አትመልሱ።