ከባህላዊ አዳራሾች ወጣ ብሎ፦ አዲስ አበባ ላይ ጥሩ ሥጋ፣ ጥሩ ሽሮና አዝማሪ አፈላለግ

መጀመሪያ የድሮውን ዝርዝር ጣሉት። ወዳጆቻችሁ የጻፉላችሁ አድራሻ ከ2016 በፊት የተጻፈ ከሆነ ብዙው ዛሬ ላይኖር ይችላል። ፒያሳ በ2016 ሲፈርስ የጥብስ ቤቶቹ ሰፈር ዶሮ ማነቂያ አብሮ ሄደ። በ2017 ደግሞ ተራው የካዛንቺስ ሆነ፤ የከተማዋ አዝማሪ ቤቶች ይበዙበት የነበረው ሰፈር ማለት ነው። ጥብስ ጠባሹም ማሲንቆ መቺውም ወደ ሌላ ሰፈር ተበትነዋል። ስለዚህ ከአድራሻ ይልቅ አፈላለጉን ማወቅ ይጠቅማል።

የጎግል ካርታን ስትከፍቱ በኮከብ ብዛት አትምረጡ። አስተያየቶቹን በቅርብ ጊዜ ቅደም ተከተል አስተካክሉና በአማርኛ የተጻፉትን፣ ካለፉት ሦስት ወራት ወዲህ ፎቶ ያለባቸውን ብቻ አንብቡ። ከዚያ ደውሉ። ስልኩ ካልተነሳ ቤቱ ፈርሷል ወይም ተዛውሯል ብላችሁ ገምቱ። ሰው ስትጠይቁ ደግሞ «ጥሩ ምግብ ቤት የት አለ?» አትበሉ፤ ይህ ጥያቄ ቀጥታ ቦሌ ትልቁ የባህል ምሽት አዳራሽ ይወስዳችኋል። «እናንተ ምሳ የት ትበላላችሁ?» በሉ። ለዚህ ጥያቄ የጀበና ቡና የምታፈላዋ ልጅ፣ የጎሚስታው ሠራተኛና የባንኩ ጥበቃ ከማንም የተሻለ መልስ አላቸው።

ቀኑ ከቤቱ እኩል ይወስናል። ረቡዕና ዓርብ፣ እንዲሁም በ55ቱ የሁዳዴ ቀናት አብዛኛው ክርስቲያን ሥጋ ቤት ይዘጋል፤ የተከፈተውም ቢሆን ገበያ ስለሌለው ሥጋው ይቆያል። በእነዚህ ቀናት ሥጋ ካማራችሁ የሙስሊም ምግብ ቤት ፈልጉ፤ መርካቶ አንዋር መስጊድ ዙሪያ መጀመር ይቻላል። አለበለዚያ ጾሙን ተጠቀሙበት። ጥሩ በያይነት የሚገኘው በጾም ቀን ነው፤ ድስቱ ቶሎ ቶሎ ያልቃል፣ ቶሎ ቶሎ ይሠራል። ምሳ 6 ሰዓት ላይ ግቡ። 8 ሰዓት ካለፈ ጎመኑ ጠቁሯል፣ ምስሩም ተጋግሯል።

እንጀራውን ሳትጎርሱ መመርመር ይቻላል። ዓይኑ ጥቅጥቅ ያለ፣ ሲጠቀለል የማይሰበር መሆን አለበት። ሩዝ የበዛበት እንጀራ ሲመጣ ነጭና ማራኪ ነው፤ ከቀዘቀዘ በኋላ ግን ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ተጋቢኖ ካዘዛችሁ ጠረጴዛው ላይ እየፈላ ካልደረሰ መልሱት፤ ማንም አይቀየምም።

ሥጋ ቤት የሚመረጠው በሰልፉ ነው። ቄራ አካባቢ ወይም ሌላ ሰፈር፣ ጠዋት የተሰቀለው ሥጋ እስከ ማታ የሚያልቅበትን ቤት እዩ። የቄራ ማኅተሙን ፈልጉ፤ ከሌለ ውጡ። ለጥብስ «ጎድን ከነጮማው» ወይም «ዳቢት» በሉ፤ ለጥሬ ሻኛና ሽንጥ ይሻላል። ብዙ እንግዳ የሚሳሳተው «ግማሽ ኪሎ ጥብስ» ብሎ ዝም ሲል ነው፦ ክፍሉን ካልጠራችሁ ሥጋ ቆራጩ ሊያልቅለት የፈለገውን ይመዝናል። ሚዛኑ ፊት ቁሙ፣ አጥንት ይግባ አይግባ ተነጋገሩ። ከእንጀራ ጋር ለሁለት ሰው ግማሽ ኪሎ ይበቃል። የመጥበሻና የእንጀራ ዋጋ ከሥጋው ጋር መሆኑን ወይም ለብቻ መሆኑን እዚያው ጠይቁ፤ ሒሳብ ላይ ጠብ የሚነሳው ከዚህ ነው። ጥሬ ሥጋ የኮሶ ትል ሊያስይዝ ይችላል፤ ሚጥሚጣም አረቄም አይገድለውም። ነፍሰ ጡር ያለችበት ማዕድ ላይ ለእሷ በደንብ የበሰለ እዘዙ፤ ክትፎም ከሆነ ለብ ለብ አይበቃም።

ጠጅ ከፈለጋችሁ ጠጅ ቤት ሂዱ እንጂ ምግብ ቤት አትዘዙ። ለስላሳ፣ መካከለኛ፣ ደረቅ እየተባለ ይጠራል፤ ለጀማሪ መካከለኛው ይሆናል። ዋጋው ከማር ዋጋ ጋር ሲነጻጸር በጣም ርካሽ ከሆነ የምትጠጡት ስኳር ነው። ጠጅ ቤት በጊዜ የሚሞላ በጊዜ የሚዘጋ ስለሆነ ከአዝማሪ በፊት እንጂ በኋላ አይደለም። መኪናውን ቤት ተዉት።

አሁን አዝማሪው። በባህላዊ ምሽት አዳራሽ ውስጥ የአገሪቱ ጭፈራ ሁሉ በሁለት ሰዓት ተጠናቆ ይታያል፤ ልብሱ ያምራል፣ ማሲንቆው ግን ከኪቦርዱ በታች ጠፍቷል። አዝማሪ ቤት በሩ ላይ ምንም የሚያምር ነገር ላይኖረው ይችላል። መለያው ሳቅ ነው። ከውጭ ቆማችሁ ስሙ፦ ከየሁለቱ ስንኝ በኋላ ቤቱ የሚስቅ ከሆነ ግቡ። ሙዚቃው ብቻ የሚጮህ ከሆነ ቃሉ አይሰማም፣ ቃሉ ካልተሰማ ደግሞ ሰምና ወርቁ ባክኗል።

ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ድረሱ። ቅዳሜ ይጨናነቃል፤ ሐሙስ አዝማሪው ለእያንዳንዱ ጠረጴዛ ጊዜ አለው። በሁዳዴ ብዙዎቹ ስለሚዘጉ ወይም ስለሚቀዘቅዙ ከፋሲካ በኋላ ይሻላል። መግቢያው ብዙውን ጊዜ በመጠጡ ዋጋ ውስጥ ስለሚካተት ከመቀመጣችሁ በፊት የቢራውን ዋጋ ጠይቁ። ከድምፅ ማጉያው አጠገብ አትቀመጡ።

ባለ 50 እና ባለ 100 ብር ኖቶች ዘርዝራችሁ ያዙ። ባለ 200 ብቻ የያዘ ሰው ወይ ቶሎ ያልቅበታል ወይ አንገቱን ደፍቶ ያመሻል። አዝማሪው መጥቶ ስማችሁን፣ ከማን ጋር እንደመጣችሁ ይጠይቃል፤ የምትነግሩት ሁሉ ግጥም ውስጥ እንደሚገባ አስቡ። ቀልዱ ሲጠነክር አትቆጡ፣ ሸልሙ። ስትሸልሙ ግንባሩ ላይ ለጥፉ ወይም እጁ ላይ ስጡ፤ መወርወር ነውር ነው።

ግጥም መስጠትም ትችላላችሁ። «ተቀበል!» በሉና አንድ ስንኝ ተናግራችሁ እስኪያዜመው ጠብቁ፣ ከዚያ ሁለተኛውን። ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ ካላችኋቸው ይጠፋበታል። ለመጀመሪያ ጊዜ አጭርና ቤት የሚመታ ይበቃል፦

ማሲንቆ ይንገር፣ እኔ ዝም ልበል፤
የሆዴን በግጥም፣ አንተ ተቀበል።

ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል ወይም አንቺ ሆዬ መስማት ከፈለጋችሁ በጊዜ ጠይቁ። ከ5 ሰዓት በኋላ ቤቱ ለእስክስታ ስለሚነሳ ትዝታ የሚያዳምጥ አይኖርም።

ኢትዮ ጃዝ ወይም ባንድ የምትሹ ደግሞ የቤቱን ቴሌግራም ወይም ቲክቶክ በዚያው ቀን እዩ፣ ከሰዓት በኋላም ደውላችሁ «ዛሬ ባንድ ነው ዲጄ?» በሉ። «ላይቭ አለ» የሚለው መልስ ብቻውን አያስተማምንም፤ በተቀዳ ሙዚቃ ላይ አንድ ዘፋኝ ቆሞ ሲዘፍንም ላይቭ ይሉታል። ስንት ሰው እንደሚጫወትና ከበሮ መቺ መኖሩን ጠይቁ። ስትወጡ ታክሲውን ገና ውስጥ ሳላችሁ ጥሩ፣ ሰሌዳውን አይታችሁ ግቡ።