ዊንዶውስ ፎርምስ ላይ ኮንትሮልን ከሌላ ትሬድ መንካት፦ ችግርና መፍትሄ

ምልክት፦ ቪዡዋል ስቱዲዮ ውስጥ «ክሮስ ትሬድ ኦፐሬሽን ኖት ቫሊድ» ብሎ ይቆማል።
ይሄን ኤረር እወደዋለሁ፤ ቢያንስ ይናገራል። ኮንትሮል (ፎርሙ ላይ ያለ በተን፣ ቴክስትቦክስ፣ ግሪድ) የሚነካው በተፈጠረበት ትሬድ (ኮዱ በሚሄድበት መስመር) ብቻ ነው፤ ይህም ፎርሙን የሚያሳየው ዋናው ትሬድ ነው። ለውጡን በቢጊንኢንቮክ ወደ ዋናው ትሬድ ላኩት። «ቼክ ፎር ኢሊጋል ክሮስ ትሬድ ኮልስ» የሚባለውን ቁጥጥር ፎልስ አድርጎ ማለፍ ግን መፍትሄ አይደለም! ኤረሩን አፉን አስያዛችሁት እንጂ ችግሩ እዚያው ነው።

ምልክት፦ እናንተ ጋ ይሠራል፣ ደንበኛው ጋ ግሪዱ ነጭ ሆኖ ትልቅ ቀይ ኤክስ ይወጣበታል።
ኤረሩን የሚያወጣው ቁጥጥር በራሱ የሚበራው ዲበገር (ኮዱን እያስሄደ ስህተት የሚያሳየው መሣሪያ) ሲኖር ብቻ ነው፤ ደንበኛው ጋ ዲበገር የለም። ዴታቴብል (ረድፎቹን ሜሞሪ ላይ የሚይዘው) ኮንትሮል አይደለም ብላችሁም አትዘናጉ፤ ከግሪዱ ጋር ከታሰረ ከጀርባ ረድፍ መጨመር ግሪዱን መንካት ነው። አዲስ ቴብል ከጀርባ ትሬድ ላይ ሙሉ፣ ሲያልቅ ዋናው ትሬድ ላይ የግሪዱ ዴታሶርስ አድርጉት። ቀዩ ኤክስ አንዴ ከወጣ ፎርሙ ተዘግቶ እስኪከፈት አይለቅም።

ምልክት፦ ፎርሙ ሲዘጋ ስታክ ያደርጋል፤ በታስክ ማናጀር ካልሆነ አይሞትም።
ደጋግሞ የሚያጋጥመኝ ይሄ ነው። ሚዛን ወይም ባርኮድ ማንበቢያ በሲሪያል ፖርት የተያያዘበት ቤት ሁሉ አለ። ዳታሪሲቭድ (ፖርቱ ላይ ዳታ ሲደርስ የሚነሳው ኢቨንት) የሚጠራው ከጀርባ ትሬድ ነው፤ ኮዱን የጻፈው ሰው እዚያ ውስጥ ኢንቮክ ብሎ (ሥራውን ለዋናው ትሬድ ሰጥቶ እስኪያልቅ እየጠበቀ) ክብደቱን ቴክስትቦክስ ላይ ያሳያል። ፎርሙ ሲዘጋ ዋናው ትሬድ ፖርቱን ክሎዝ ይላል፤ ክሎዝ ዳታሪሲቭድ እስኪጨርስ ይጠብቃል፤ እዚያ ውስጥ ያለው ኢንቮክ ደግሞ ዋናው ትሬድ እስኪለቀቅ ይጠብቃል። በር ላይ «ይግቡ»፣ «ኧረ እርስዎ ይቅደሙ» እንደሚባባሉ ሁለት እንግዶች ማለት ነው።

አንድ የእህል መጋዘን ሚዛን ክብደት ሲለወጥ ብቻ ነበር ቁጥር የሚልከው። ባዶውን ሲሆን ፕሮግራሙ በሰላም ይዘጋል፤ መኪና እየወጣበት ከተዘጋ ድርቅ ይላል። ኬብል ተቀየረ፣ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ተጫነ፣ ሚዛኑ ተሰደበ። ኮዱን የከፈተ ሰው አልነበረም። ኢንቮክን በቢጊንኢንቮክ መተካት በቂ ሆነ፤ ቢጊንኢንቮክ መልእክቱን ጥሎ ይሄዳል እንጂ አይጠብቅም።

ሁለት ነገር ግን አትርሱ። ክሎዝ ከማለታችሁ በፊት ዳታሪሲቭድን ከፖርቱ ፍቱት። የላካችሁት ሥራ ውስጥም ኢዝዲስፖዝድን (ፎርሙ መሞቱን የሚናገረውን) ፈትሹ፤ ያለዚያ ፎርሙ ከሞተ በኋላ ደርሶ ኤክሴፕሽን ይወረውራል። «የኔ ፖርት ፈጣን ነው፣ አያስፈልገኝም» የሚል ሁሉ ቆይቶ ይደውልልኛል።

ዋናው ትሬድ ላይ ታስክን (ከጀርባ የተጀመረን ሥራ) ዌይት ወይም ሪዘልት ብላችሁ ስትጠብቁ የሚመጣውም መቆለፍ የዚሁ ወንድም ነው፤ ትሬዱን ሳይዝ የሚጠብቀውን አዌይት በሉት።

አልፎ አልፎ፦ ኢንቮክሪኳየርድ (ኢንቮክ ያስፈልግ እንደሆነ የሚመልሰው) ፎልስ እያለ ነገሩ ከተበላሸ፣ ሥራውን ከኮንስትራክተር ጀምራችኋል፤ የመስኮቱ ሃንድል (ዊንዶውስ መስኮቱን የሚለይበት ቁጥር) ገና አልተፈጠረም። ፎርሙ ሲጫን ወደሚነሳው ሎድ አውርዱት።

ሲስተም ታይመርስ ውስጥ ያለው ታይመር ከጀርባ ትሬድ ነው የሚጠራው። ሌብል ላይ ሰዓት ለማሳየት ዋናው ትሬድ ላይ የሚጠራው የፎርምሱ ታይመር ይበቃል።